በግራ በኩል ትንሽ ጉብታ

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ክብ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ኮምፒዩተሯን ከፈተች፣ የሌሊቱን ፎቶ አየችና በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ቀስ ብላ እጇን ዘረጋችና ምስሉን በመዳፏ ሸፈነችው፤ የተሸፈነ ነገር የሌለ ይመስል።

ይህን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ክብ ስትሠራ ስለምትውል። ሥራዋ ከዋክብትን መለካት ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ሌሊት ያነሣቸውን ፎቶዎች ጠዋት ትከፍትና በምትፈልጋት ኮከብ ዙሪያ ክብ ታበጃለች። ኮምፒዩተሩ በክቡ ውስጥ ያለውን ብርሃን ይደምርና ቁጥር ይሰጣታል፤ እሷ ቁጥሩን በትልቁ መዝገብ ላይ በእጇ ትጽፋለች። አንዲቷን ኮከብ ከአንድ ሌሊት ፎቶዎች መቶ ሃምሳ ጊዜ። ለሚያየው ሰው አሰልቺ ሥራ ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ሰልችቷት አያውቅም፤ ሰው የሩቅ ዘመዱን ደኅንነት በየጠዋቱ እንደሚጠይቅ አድርጋ ነው የያዘችው።

ላለፉት ሦስት ዓመታት የለካቻት ኮከብ ከፀሐያችን አነስ ትላለች፤ የፀሐይን ስፋት አሥር ቦታ ቢከፍሉት ስምንቱን ያህል ነው። ሙቀቷ ቀነስ ያለ፣ መልኳም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ስለሆነ "ብርቱካኗ" ይሏታል። በየሦስት ቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓቱ ብርሃኗ ከመቶ አንድ እጅ ይጎድላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይቆይና ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ከፊቷ አንዲት ፕላኔት ስለምታልፍ ነው። መብራት በበራበት መስኮት ፊት ሰው ሲያልፍ መልኩን ባናይም በጋረደው ብርሃን ውፍረቱን እንደምንገምት ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም በጎደለው ብርሃን የፕላኔቷን ስፋት አሰሉ፤ ከዳር እስከ ዳር መሬታችንን ዘጠኝ ጊዜ ለማከል ጥቂት የቀራት። ክብደቷን ደግሞ ሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች፣ ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ስትጎትታት አይተው ለኩላቸው፤ የመሬትን ዘጠኝ መቶ ሰባ እጥፍ። ያ ሁሉ ክብደት በዚያ ስፋት ውስጥ ሲታሰብ፣ ከፕላኔቷ አንድ ጭብጥ ቢዘገን ከአንድ ጭብጥ ብረት የሚከብድ ሆኖ ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ስሟም "ብረቷ" ተባለ።

ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ከዋናው ተቋም የሚመጡ እንግዶች ይህንኑ በአዳራሽ ይሰማሉ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስለዚሁ የተጻፈው ጽሑፍ ወደ ሳይንስ መጽሔት ይላካል። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የመጨረሻ ሥራቸው ነው፤ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። መጀመሪያ የእሳቸው ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ የእሷ አለ። ስሟ በሚታተም ነገር ላይ ሲጻፍ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ያየችው ይህን ነው። እሑድ የጣለው ዝናብ አየሩን አጥቦት ስለነበር ፎቶው ከወትሮው ይልቅ ጥርት ብሏል። ብርቱካኗ ብቻዋን አልነበረችም። በግራዋ፣ ትከሻዋን ተደግፋ የቆመች የምትመስል፣ ብርሃኗ የእሷን ግማሽ የሚያህል ሌላ ኮከብ አለች። እትዬ ክብ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሠራው የኖረችው ክብ ሁለቱንም አንድ ላይ አቅፏቸዋል።

ሁለት መብራት ባለበት ክፍል ውስጥ አንደኛውን በእጅ ቢጋርዱት ክፍሉ የሚጨልመው በከፊል ነው። የጎረቤቷ ብርሃን አብሮ ተደምሮ ጉድለቱን አሳንሶታል። ጉድለቱ ሲያንስ ፕላኔቷ ትንሽ መሰለች፤ ትንሽ ስትመስል ደግሞ ያ ሁሉ ክብደት በጠባብ ቦታ ታጨቀና ብረት ሆነ። ብረት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የእሷ ሰፊ ክብ ነው።

"እትዬ ክብ!" በሩ ተበረገደ። የገባው የቴሌስኮፑ ጠጋኝ ነው፤ ኪሱ መቼም ከብሎን ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ብሎን ይሉታል። "ምነው ካፖርት? ማሞቂያውን እኮ ትናንት ጠገንኩልሽ፤ ስድብሽን መቋቋም አቅቶኝ።"

"በረደኝ።"

"ይበርድሻል? ላብ በላብ ሆነሽ! ኧረ ፊትሽም አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"አንቺ ምንም ስትይ ነው እኔ የምፈራው። ባለፈው ምንም ብለሽ ጉንጭሽ ዳቦ አክሎ ነበር፤ ለካ ጥርስሽን ተነቅለሽ ነው።"

ልትስቅ ፈልጋ ጥርሷን ገለጠች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። መዳፏንም ከምስሉ ላይ አላነሣችም።

ክቡ የሰፋው እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቴሌስኮፑን የሚያዞረው ኩሽኔታ ተበልቶ ፎቶው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮከቦቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ባቄላ ይንጋደዱ ጀመር። ያን ጊዜ ኃላፊው፣ "ክቡን አስፊው ልጄ፣ ብርሃን ውጭ እንዳይቀርብን" አሏት። አሰፋችው። ከዘጠኝ ወር በፊት ብሎን ኩሽኔታውን ቀየረና መንቀጥቀጡ ቆመ። ክቡን አጥብቢው ያላት ግን የለም። እሷም ላጥብበው ወይ ብላ አልጠየቀችም። የታዘዘችውን ሳታዛንፍ የምትሠራ ሴት ናት። ሰዎች ይህን ትጋት ይሉታል፤ ግማሹ ግን ፍርሃት ነው።

ፍርሃቱም የቆየ ነው። ወደዚህ መሥሪያ ቤት የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወለል ልትወለውል ነው። ያን ጊዜ የኮከብ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። በገባች በሁለተኛው ወር አንዱን ሰሌዳ በመወልወያው እጀታ ገጭታ ሰበረችው። ስብርባሪውን በሽርጧ ቋጥራ ግቢው ውስጥ ካለው ጽጌረዳ ሥር ቀበረች። ማንም አልጠየቃትም። ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አትክልተኛው ጽጌረዳውን በኮተኮተ ቁጥር ሥራዋን ትታ በመስኮት ታየዋለች።

ኃላፊው፣ ወለሉን ስትወለውል ቆም እያለች ሰሌዳዎቹን እንደምታይ አስተውለው ነበርና አንድ ቀን ማጉያ መነጽር አቀበሏት። "እስቲ ነጥቦቹን ቁጠሪልኝ" አሏት። ቆጠረች። በማግስቱ ደግመው አስቆጠሯት፤ ያው ቁጥር ወጣ። ከዚያ ወዲያ መወልወያ በእጇ አልነካችም። እንግዲህ ይህን ያደረጉላትን ሰው ነው በመጨረሻው ወራቸው፣ ሥራዎን አበላሽቼዋለሁ የምትላቸው። ካልነገረቻቸው ደግሞ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ውሸቱ በስማቸው ይሄዳል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ጥርት ባለ አየር ያያታል፣ ያቺን ጎረቤት።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን በጓሮ ወፍ ስታርፍ ይሰማል። ማምሻውን ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

"ሾርባውን ታማስይዋለሽ እንጂ አትጠጪውም" አሏት።

"ጠግቤ ነው፣ እማዬ።"

"በምን? ኮረብታው ላይ ንፋስ አበሉሽ?" ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ "ማን ነው ያስፈራሽ?" አሉ።

"ማንም።"

"ትንሽ ልጅ ሳለሽ ዕቃ የሰበርሽ ቀን ሳትታዘዢ እግርሽን ትታጠቢ ነበር። ሌላ ቀን ቢለምኑሽም እምቢ ነው። ዛሬ ከበር ገብተሽ ቀጥ ያልሽው ወደ መታጠቢያ ቤት ነው። ውሃው ሲፈስ ሰምቻለሁ።"

ማንኪያዋ ከሳህኑ ጋር ተጋጨ። "ሥራ ቦታ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ።"

"ሰው ይጎዳል?"

"አንድ ሰው ያዝናል። በጣም የማከብረው ሰው።"

"ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"አሃ! እሱ ደልቶት ተኝቷል፣ አንቺ እዚህ እግርሽን ትፈትጊያለሽ።" ሳህኑን በዳበሳ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። "በይ ጠጪ፣ የኔ ልጅ። ነገ ደረጃ የምትወጪበት ጉልበት ያስፈልግሻል።"

ረቡዕ እለት፣ ምነው የተሳሳትኩት አሁን በሆነ እያለች፣ ብረቷ ስታልፍ የተነሡትን ጥርት ያሉ ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፍታ በትንሽ ክብ ለካቻቸው። ጉድለቱ ከመቶ አንድ መሆኑ ቀርቶ አንድ ተኩል ሆነ። የፕላኔቷ ስፋት ወደ አሥራ አንድ መሬት ተጠጋ። ክብደቱ ያው ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው፤ አሁን ግን ተንሰራፍቶ የሚቀመጥበት ቦታ አገኘ። ከብረት የምትከብደው ፕላኔት፣ ጭብጥ ለጭብጥ ቢመዝኗት፣ ከእኛዋ መሬት እንኳ የምትቀል ሆነች። እትዬ ክብ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ብቻቸውን ቆመው የነገውን ንግግር ይለማመዳሉ። "ክቡራን እንግዶች፣ ይህች ፕላኔት ከብረት ትከብዳለች!" ይሉና ድምፃቸው አልጥም ሲላቸው እንደገና ይጀምራሉ፤ "ከብረት... ትከብዳለች!" ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው እንደ ተማሪ ደስ ብሏቸዋል። እትዬ ክብ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ደረጃውን ተመልሳ ወረደች።

ያኔ ነው መዝገቡ ትዝ ያላት።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። ኃላፊው በወጣትነታቸው ያመጡት ነው፤ በመዝገቡ ገጽ ላይ የተለካው በግራ ይጻፋል፣ በቀኝ ዳር ደግሞ የጥርጣሬ ዓምድ አለ። ለኪው ዓይኑ ያየውንና ያልገባውን ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ዓርብ ዓርብ እሳቸው አንብበው ይፈርማሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱን ጥርጣሬ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ፣ ይጠይቁ፣ ይሟገቱ ነበር። ቆይቶ ግን ስልኩን በትከሻና በጆሯቸው መሃል ይዘው ገጽ እየገለበጡ መፈረም ሆነ። ብሎን አንድ ጊዜ ሊፈትናቸው ብሎ "አማቴን እጠረጥራታለሁ" ብሎ ጽፎ ተፈርሞለታል።

የዘጠኝ ወር ገጽ ወደኋላ ገለበጠች። ኩሽኔታው ከተቀየረ በሳምንቱ፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፦ "ጥገናው ካለቀ በኋላም በግራ በኩል ትንሽ ጉብታ አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም።" ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ።

ይህን ስታይ ይብስ ፈራች። አይታ ነበር ማለት ነው። ዓይኗ አይቶ እጇ ጽፎ፣ አፏ ግን ዝም ብሏል። አሁን ጥፋቱ አለማወቅ ነው ብላ እንኳ የምትሸሸግበት ቀዳዳ ተዘጋ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን ወጣች። ሃያ ሦስት ደረጃ ነው፤ በወጣች በወረደች ቁጥር ቆጥራዋለች፤ ያን ቀን ግን መቶ መሰላት። ኃላፊው መስታወት ፊት ቆመው ክራባት ያስራሉ።

"ነይ ልጄ፣ ነይ። ይቺ ነገር አጠረች ረዘመች?"

"ጋሼ፣ ብረቷ ብረት አይደለችም።"

ሳቁ። "ምን ልትሆን ነው ታዲያ?"

"ክቤ ሰፍቶ ነው። በግራዋ ጎረቤት ኮከብ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷንም ብርሃን አብሬ ስደምር ኖሬአለሁ።" ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ሄደው በሩን ዘጉ። "ማን ያውቃል?"

"እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"ብሎንስ?"

"አላየም።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከሁሉም ያስፈራት አለመቆጣታቸው ነው። ቢቆጡ ትችለው ነበር፤ ቁጣቸውን ታውቀዋለች፣ እንደ ሚያዝያ ዝናብ ዘንቦ የሚያባራ ነው። አሁን ግን ሰዓቱን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፍ አዩ፤ እሷን ብቻ አላዩም። የማታውቀው ሰው ፊት የቆመች መሰላት።

"ሌላም አለ" አለች፤ አፏ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ ብሏት። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ሰሌዳ ሰብሬአለሁ። ጽጌረዳው ሥር ነው ያለው።"

"ምን?"

"ሰሌዳ። የመስታወቱ።"

"አሁን የሰሌዳ ወሬ ነው?" ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "ሂጂ። ጠረጴዛሽ ጋ ሂጂ።"

መዝገቡን ያንን ገጽ ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቅ። ከመስኮቱ ሥር የእንግዶቹ መኪኖች ሲደርሱ፣ በሮቻቸው ሲዘጉ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ትሰማለች። ከላይ፣ ከኃላፊው ቢሮ ግን ኮሽታ የለም። ጽሑፉን አሁኑኑ ቢልኩትስ? አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ወይስ እሷን ከጽሑፉም ከክፍሉም ፍቀው ሌላ ለኪ ሊያመጡ ነው? የግል ዕቃዋን በዓይኗ ቆጠረች፤ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሹራብ፣ እሳቸው የሰጧት ማጉያ መነጽር። በአንድ ፌስታል ይገባል።

ብሎን አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ። "እንግዶቹ ተሰየሙ። ሁሉም መነጽር ያደረጉ፣ ሁሉም ራሰ በራ። አንቺ ግን አሁንም ካፖርትሽን አላወለቅሽም?"

ወዲያው ከኋላው ኃላፊው ገቡ። መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል። ክራባቱ ሳይታሰር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አኖሩት።

"አንብቢልኝ።"

"ምኑን፣ ጋሼ?"

"የጻፍሽውን። እኔ ሳላነብ ፈርሜበታለሁ፤ አሁን ልስማው።"

አነበበች። "በግራ በኩል ትንሽ ጉብታ አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም።"

"ከሥሩስ?"

"የእርስዎ ፊርማ።"

"እስካሁን ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ሳደርግ የነበረ ይመስልሻል?"

"አላውቅም።"

"ይህን ገጽ እንዴት እንደምገነጥለው ሳስብ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "በሁለት ጣቴ ይዤው ነበር፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ።" ሁለቱን ጣቶቻቸውን አሳዩዋት። "ከዚያ ስገልጥ ስገልጥ፣ አማቴን እጠረጥራታለሁ የሚል አገኘሁ። ይህንንም ፈርሜያለሁ?"

ብሎን ወደ በሩ አፈገፈገ። "እሱ... የድሮ ነው፣ ጋሼ።"

"አማትህ ምን አደረገች?"

"ምንም አላደረገችም። ለዚህ ነው የጠረጠርኳት።"

ማንም አልሳቀም፤ ግን ሦስቱም ትንፋሻቸውን ተነፈሱ። ኃላፊው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። "በይ ክቡን አጥብቢው፤ በዓይኔ ልየው።"

አጠበበችው። ክቡ ሁለት ጊዜ ሸሻት፤ በሦስተኛው ብርቱካኗን ብቻ ለብቻዋ ያዘቻት። ጎረቤቷ ከክቡ ውጭ ቀረች። ቁጥሩ መጣ። ኃላፊው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ አንድ በአንድ አነበቡ፤ ጉድለቱን፣ ስፋቱን፣ ክብደቱን። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

"አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ጋሼ" አለ ብሎን።

"አውቃለሁ።" ተነሡ። "መዝገቡን አንቺ ያዢው። አብረሽኝ ትገቢያለሽ።"

"እኔ? አዳራሽ? ጋሼ፣ እኔ እኮ አልችልም፣ ልቤ አፌ ላይ ነው ያለው።"

"የእኔስ የት ያለ መሰለሽ?"

አዳራሹ በር ላይ እግሯ አልነሣ አላት። እሳቸውም ቆመዋል። ማን ማንን እንደያዘ ሳይታወቅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። ሃያ የሚሆኑ ፊቶች ዞሩ። ኃላፊው የተለማመዱትን ንግግር ከኪሳቸው አላወጡም። መዝገቡን ገለጡና የዘጠኝ ወሩን ጥርጣሬ፣ ቀኑን ጠርተው፣ ቃል በቃል አነበቡ። "ፊርማው የእኔ ነው" አሉ። "ጽሑፉም ዛሬ አይላክም።"

ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይቅርታ፣ ልረዳው። ከብረት ትከብዳለች የተባለችው... አይደለችም ማለት ነው?"

ኃላፊው ወደ እትዬ ክብ ዞሩ።

ከእግሯ ሥር ያለው ወለል ያው ድሮ በጉልበቷ ተንበርክካ የወለወለችው ወለል ነው፤ አሁን እሱን ብቻ እያየች ነበር። ቀና አለች።

"አይደለችም" አለች። "እንደ ሌሎቹ ናት። እኔ ነኝ አሳንሼ የለካኋት።"

ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ብሎን ከኋላ ወንበር አምጥቶ እስኪያቀርብላት ድረስ፣ መዝገቡን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማ ቀረች።